የሲኞራ ኖራ የለቅሶ ካርዶች

ባለፈው ቅዳሜ ከአልጋዬ ሥር አንድ የጫማ ካርቶን ስስብ ክዳኑ ተነሣና ሽታው አፍንጫዬን መታው። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የከሰለ ሣርና የረጠበ አፈር አንድ ላይ የሚሸት ነገር ነው፤ ሮም ውስጥ ከዚያ ካርቶን በቀር እንዲህ የሚሸት አላውቅም። ውስጡ ግማሹ የተቃጠለ ጥቁር ጓል አለ፣ ከጓሉ ሥር ደግሞ በላስቲክ የታሰሩ ካርዶች። ካርዶቹን ፈትቼ አላነበብኳቸውም። የላይኛው ላይ ምን እንደተጻፈ ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ፣ ግን በኋላ።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነው። እናቴ የሺ፣ ሮም ውስጥ ፕራቲ በሚባል ሰፈር፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ብዙም የማይርቅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሲኞራ ኖራ የሚባሉ አሮጊት ትጦር ነበር። ሥራዋ ፊሳ ነው፤ ውሎም አዳርም እዚያው። እኔን ከደብረ ብርሃን ከአያቴ ጉያ ነጥቃ ያመጣችኝ ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። ሲኞራ ኖራ «ልጅሽን ይዘሽ ነይ፣ ቤቱ ሰፊ ነው» ብለው ከኩሽናው ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ለሁለታችን ሰጡን። ይኼን የሚያደርግ አሠሪ በዚያ ዘመን አልሰማሁም፣ ዛሬም አልሰማሁም።

ሲኞራ ኖራ የአየርላንድ ሰው ናቸው። በሃያ ዓመታቸው መነኩሲት ሆነው ሮም መጡ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ገዳሙን ትተው የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሩ፣ አርጅተው እዚሁ ቀሩ። አንድ ቀን እማዬ ለመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ «የኔ ሲኞራ እንግሊዝ ናቸው» ስትል ሰምተው ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፏት። ሾርባ ስታቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እማዬ በሦስተኛው ቀን «ኖ እንግሊዝ፣ ኖ እንግሊዝ» እያለች ጉልበታቸውን ስማ ታረቁ።

ጥቁሩ ጓል በመጻሕፍት መደርደሪያቸው ላይ፣ ከቅድስት ማርያም ሥዕል ጎን፣ በክብር ተቀምጦ ነበር። እኔ ደብረ ብርሃን ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ ኩበት ሳየው አላጣውም። ሰው ኩበትን ለማገዶ እንጂ ለጌጥ ሲያስቀምጥ አላየሁምና እማዬን ቀስ ብዬ ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ሴትዮዋ ለምንድነው ኩበት መደርደሪያ ላይ ያስቀመጡት?»

«ዝም በይ! የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ ምን አገባን» አለችኝ።

እኔ ግን በልቤ ደመደምኩ፤ ሲኞራ ኖራ ድሮ እንደኛ ደሃ ነበሩ፣ እንዳይረሱት ነው ያስቀመጡት። በኋላ ሲነግሩኝ ለካ ኩበት አይደለም፤ በአገራቸው ከረግረግ ተቆፍሮ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ የሚነድ አፈር ነው። ከእናታቸው ቤት የቀረላቸው እሱ ብቻ ነው። ደሃ ነበሩ ያልኩት ግን ትክክል ነበር።

ከትምህርት ቤት መልስ የኔ ሥራ ካርድ ማዘጋጀት ነበር። የሲኞራ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ አንድ ግስ። አንድ! በአገራቸው ቋንቋ ‹ኪይን› የሚባል ግስ አለ። ማልቀስ ማለት ነው፤ ግን ጉልበቱ ተልጦ የሚያለቅስ ልጅ ለቅሶ አይደለም፣ ሙት ፊት የሚለቀሰው፣ ስም እየተጠራ፣ ሙሾ እየወረደ። ሲኞራ ኖራ ስለዚህ ግስ አርባ ዓመት ካርድ ሲጽፉ ኖረዋል። የጫማ ካርቶን ሙሉ ካርድ፣ ከዚያ ሌላ ካርቶን፣ ከዚያ ሌላ። ሰውዬው እያለቀሰ ከሆነ እንዴት እንደሚባል፣ ትናንት ካለቀሰ እንዴት እንደሚባል፣ ቢያለቅስ ኖሮስ፣ አላለቅስም ቢልስ። እኔ በሆዴ፣ እኚህ ሴትዮ ሌላ ግስ አያውቁም እንዴ፣ መብላትን ቢይዙ ምናለ እላለሁ።

ደስ የሚለኝ ነገርም ነበረው። በዚያ ቋንቋ ግሱ ይቀድማል። «አለቀሰች ሴትዮዋ» ብለው ነው የሚጀምሩት። የእኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው ስላቸው ሳቁና «ስለዚህ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ምን እንደሆነ አታውቁም ማለት ነው» አሉኝ። ደግሞ በእኛ አፍ ለሙት ይለቀሳል፤ በእነሱ አፍ ግን ሙቱን ራሱን ነው የሚያለቅሱት፣ እንጀራ እንደመብላት፣ ውኃ እንደመጠጣት። ልጇን አለቀሰችው ይላሉ። ከየት መጣ ስላቸው፣ የጥንት መነኮሳት በብራና ላይ ‹ካይኒድ› ብለው ጽፈውት ይገኛል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ የለም አሉ። «ቆፍሬ ቆፍሬ ድንጋይ ላይ ደረስኩ» አሉ።

አንድ ቀን ደግሞ ያለፈውን ጊዜ ስናዘጋጅ የግሱ ፊደል እንደሚላላ ነገሩኝ፤ ክ የነበረው ከጉሮሮ ይወጣል። በድሮው አጻጻፋቸው ከፊደሉ ላይ ነጥብ ያደርጉበታል። እኔም ቀበል አድርጌ «የእኛም እንደዚያ ነው» አልኩና ክ ጻፍኩ፣ ከጎኑ ኽ፣ ከላይ ያለችውን ጭረት በጣቴ አሳየኋቸው። ሲኞራ ኖራ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «የሺ! የሺ! ነይ ልጅሽ ያደረገችውን እዪ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየካርዱ በቀኝ በኩል አማርኛውን እንድጽፍበት ባዶ ቦታ ተዉልኝ። አለቅሳለሁ፣ ታለቅሳለህ፣ ታለቅሳለች። ጣሊያንኛ አማርኛዬን እየበላው ነበርና እማዬ ይኼን ስታይ ሲኞራን በልቧ መረቀች።

ከእነዚያ ካርዶች አንዱ በጣም ያረጀ ነበር፣ ጠርዙ የተበላ። «አላለቀስኳትም እናቴን» ይላል። ምሳሌ ነው ብዬ አለፍኩት። የአሉታ ምሳሌ። አማርኛውን አጠገቡ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ሄድኩ።

እናቴ በዚያ ቤት ድምፅ አልነበራትም። በካልሲ ነው የምትሄደው፣ ቁም ሳጥን የምትዘጋው በሁለት ጣት ነው። ከበታቻችን ባለው ፎቅ ያለችው ሴትዮ ትንሽ ኮሽ ካለ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትደበድባለች፤ እማዬ ያቺ እንጨት በተሰማች ቁጥር ትደነግጣለች። እኔ ልስቅ ስል አፌን ትይዘኛለች። «የሰው ቤት ነው» ትላለች። ሳነጥስ የሰው ቤት ነው። ስሮጥ የሰው ቤት ነው። ሲኞራ ኖራ ራሳቸው ሬዲዮ ከፍተው ያንኮራፋሉ፣ እኛ ግን ትንፋሻችንን ቆጥበን እንኖር ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ናት። በሁዳዴ መጀመሪያ በአንዱ ሐሙስ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወረድን። እማዬ ወደ ደብረ ብርሃን ልትደውል ቪያ ቮልቱርኖ ጎዳና ላይ ያለው ስልክ ቤት ገባች፣ እኔን ከጎኑ እትዬ ጽጌ ወደምታበስልበት ምግብ ቤት ሰደደችኝ። እትዬ ጽጌ ሮም ከገባች ሃያ ዓመት ያለፋት፣ የሁላችንንም ሐዘንና ልደት የምታውቅ ሴት ናት። በጓሮ በር ገብቼ የሽሮ ሽታ እያሸተትኩ ስጠጋ ከመጋረጃው ወዲያ የጋሽ መኮንን ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ መኮንን የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው።

«የየሺን እናት ቀብረዋታል እኮ። ወንድሟ ታደሰ ትናንት ደወለልኝ። ለየሺ እንዳትነግሩብኝ ብሎ አለቀሰብኝ።»

«ኧረ ማንም አይነግራትም!» አለች እትዬ ጽጌ። «የመኖሪያ ፔርሜሶዋ አልቋል፣ አዲሱ አልወጣ። ከሰማች ዛሬውኑ ትበራለች። ከበረረች ደግሞ በምን ወረቀት ትመለሳለች? ይቺስ ልጅ ምን ትሁን?»

ብርጭቆ የነካሁት አይመስለኝም፤ ግን ብርጭቆ ወደቀ። መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ ጽጌ ፊቴን አይታ «ወይኔ» አለችና ሽሮ በነካው እጇ ጉንጮቼን ያዘች። «ሰምተሻል አይደል? በይ ስሚኝ፣ የኔ እናት። አንቺ አሁን ትልቅ ሰው ነሽ። ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ወረቀቷን ትቀበል፣ ከዚያ እኛ በወጉ እንነግራታለን። እሺ?»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እማዬ ከስልክ ቤቱ እየሳቀች መጣች። «እማማ ጠበል ወርዳለች አለኝ ታደሰ! ለእግሯ። ሦስት ሱባዔ ትቆያለች አለ፤ እዚያ ስልክ የለም እንጂ አገናኝሽ ነበር አለኝ።»

«እሰይ! እሰይ!» አሉ ጋሽ መኮንን መሬት መሬት እያዩ።

የልጅ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ያን ቀን የገባኝ እንዲህ ነው፦ አያቴ ጥሩነሽ ለጋሽ መኮንን ሞታለች፣ ለእትዬ ጽጌ ሞታለች፣ ለእማዬ ግን አልሞተችም። እማዬ እስክትሰማ ድረስ አያቴ ጠበል ላይ ናት። ነጠላዋን አጣፍታ ተራ እየጠበቀች ነው። እኔ አፌን ብከፍት ያኔ ትሞታለች፣ የምገድላትም እኔ ነኝ። እኔ ራሴ ካለቀስኩም እንደዚያው። ስለዚህ አላለቅስም አልኩ። ያሳደገችኝ ሴት ሞታ አላለቀስኩም።

እማዬ በሚቀጥለው ሐሙስ ከገበያ ግራጫ የሱፍ ሹራብ ገዛች፣ ለእማማ። ደብረ ብርሃን ይበርዳላ። እኛ ክፍል ውስጥ አቁማኝ ልበሺልኝ አለችኝ። «ትከሻዋ ጠቧል ይሉኛል፣ እንዳንቺ ሳይሆን አይቀርም።» አለበሰችኝ፣ ቁልፉን እስከ አገጬ ቆለፈች፣ ራቅ ብላ አየችኝ። «እማዬን መሰልሽ!» ብላ ሳቀች፣ አፏን በእጇ ይዛ፣ ድምፅ እንዳይወጣ። ወረቀቱ በወጣ በሳምንቱ ልሄድ ነው፣ ፋሲካን አብሬያት ነው የምፈስከው አለች። እኔ በዚያ ሹራብ ውስጥ ላብ አጠመቀኝ። አሞኛል ብዬ ሳልበላ ተኛሁ።

የያዘኝን ነገር ያወቁት ሲኞራ ኖራ ናቸው። ካርድ እየጻፍን ነው። «ኺይን ሺ» አሉ፣ «አለቀሰች። አማርኛውን ጻፊ።» እስክሪብቶውን ያዝኩ፣ እጄ እምቢ አለ። ደግመው አሉኝ። አልጻፍኩም። አገጬን ቀና አድርገው ዓይኔን አዩና በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው እጄን ያዙት።

ነገርኳቸው። በጣሊያንኛ ነው የነገርኳቸው። ለአየርላንድ ሰው፣ በጣሊያንኛ የተነገረ ነገር የተነገረ አይመስለኝም ነበር። አማርኛ ለሚሰማ ሰው ሲነገር ብቻ ነው መርዶ የሚባለው፣ እኚህ ግን አይቆጠሩም ብዬ ነው። ተነፈስኩ። ሳልተነፍስ የከረምኩ መሰለኝ።

ሲኞራ ኖራ ግን በምርኩዛቸው ወለሉን መቱት። ከሥር ያቺ እንጨት መለሰች።

«ስንት ቀን ሆነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«አሥራ ሁለት ቀን! ሴትዮዋ እናቷ ሞታ ሹራብ ትገዛለች! ይኼ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? አሁን ጠርቼ እነግራታለሁ!» ብለው ተነሡ። እግራቸው ላይ ተጠመጠምኩ። አይነገርም፣ በወጉ ነው፣ እትዬ ጽጌ ብላለች፣ ወረቀቷ፣ ትሄዳለች፣ አትመለስም፣ ሁሉንም አንድ ላይ ዘከዘክሁት። መልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ከካርቶኑ ያንን ጠርዙ የተበላ ካርድ አወጡ። አላለቀስኳትም እናቴን።

«ይኼ ምሳሌ ነው ብለሽ ነበር?»

«ምሳሌ አይደለም?»

«ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር» አሉ። «ገዳም ውስጥ ነኝ። ደብዳቤው ሲደርስ እናቴ ከተቀበረች ወር ሆኗታል። አለቃዬ ከምሳ በኋላ ሰጠችኝ፣ ቆሜ አነበብኩት። ደወል ተደወለ። ክፍል ገብቼ የላቲን ግስ አስተማርኩ። ማታ ጸሎት፣ ጠዋት ጸሎት። ማልቀስ ለራስ ማዘን ነው ተብለን ነበር።» ካርዱን በጣታቸው ዳሰሱት። «የአያቴ እኅት አልቃሽ ነበረች። ስድስት ዓመቴ ሆኖ ከበር ኋላ አንድ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ቄሱ ነውር ነው ብሎ ከለከላት። በኋላ እኔ መጽሐፍ ውስጥ ስፈልጋት ኖርኩ።»

ያኔ አልቃሿ ምን እንዳለች ያስታውሳሉ ወይ አልኳቸው። «አስታውሳለሁ» አሉ። በእነሱ ቋንቋ አዎ የሚል ቃል የለም፤ ግሱን ነው የሚመልሱት። በጣሊያንኛም ሲያወሩ ልማዱ አልተዋቸውም።

እማዬ ለአሻራ ኩዌስቱራ፣ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፣ የተሰለፈች ዕለት ሲኞራ ኖራ ታክሲ ጠሩ። ያን ደረጃ ከወረዱ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ኮታቸውን ደርበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ እኔን አስከትለው ቪያ ቮልቱርኖ እትዬ ጽጌ ምግብ ቤት ገቡ። ጋሽ መኮንን ከወንበራቸው ብድግ አሉ። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

«ለምን ትደብቋታላችሁ በያቸው» አሉ ሲኞራ።

«ንገሪያቸው፣ እኛ ጨካኝ አይደለንም» አለች እትዬ ጽጌ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይ አይነገርም። ብቻዋን ላለች ሴት አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከቧት፣ ክንዷን ይዟት ነው የሚነገረው። ራሷን ብትጥልስ? ማን ይደግፋታል?»

ሲኞራ ኖራ እያንዳንዷን ቃል ሰሙ። «ብዙ ሰው?» አሉ።

«ብዙ ሰው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ታለቅሳለቻ! እስኪወጣላት።»

ሲኞራ ፊታቸው ተለወጠ፤ ቁጣው ሲወርድ አየሁት። «ታዲያ የት?» አሉ።

እትዬ ጽጌ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተዳብላ ነው የምትኖረው። ምግብ ቤቱ የሌላ ሰው ነው፣ ጎረቤቱም ፖሊስ ይጠራል። ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያለችበት ቤትማ አይሆንም። የሰው ቤት ነው።»

ተረጎምኩላቸው። «የማን ቤት?» አሉ ሲኞራ ኖራ፣ መልስ ግን አልጠበቁም። «የኔ ቤት ነው። ወረቀቷን በተቀበለች ማግስት ኑ። በሩን እኔ አስከፍታለሁ።»

እትዬ ጽጌ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም፤ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሲኞራን እጅ ሳመች። ሲኞራ ደነገጡና እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ከተቱ።

ወረቀቱ የወጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። እማዬ ወረቀቷን ይዛ እየሮጠች መጣች። ፔርሜሶዬ፣ ፔርሜሶዬ እያለች ግንባሬ ላይ አሳረፈችው፣ ሳመችው፣ ወደ ቅድስት ማርያም ሥዕል አነሣችው። «አሎራ! እንግዲህ እማዬን ላያት ነው!» አለች፤ በዚያ ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማኋት ያኔ ነው የመጀመሪያው። ሹራቡን አጥፋ ሻንጣ ሥር አስቀመጠች። ሲኞራ ኖራ «እንኳን ደስ አለሽ» አሏትና በምርኩዛቸው ወደ በሩ ሄዱ። መጀመሪያ ለዘበኛው ነገ ማለዳ እንግዶች አሉኝ አሉት፤ ከዚያ ከበታቻችን ያለችውን ሴትዮ በር አንኳኩ። ምን እንዳሏት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሲነጋጋ፣ የመጀመሪያው ትራም ሲያልፍ፣ በሩ በቀስታ ተንኳኳ። እኔ ነቅቼ እየጠበቅኩ ነበር። እማዬ ሽርጧን እያሰረች ከፈተች። ሰባት ሰዎች ናቸው፤ እትዬ ጽጌ ከፊት፣ ጋሽ መኮንን ከኋላ። ጫማቸውን ደረጃው ላይ አውልቀዋል።

«ምነው በጠዋት? በሰላም ነው?» አለች እማዬ። ከዚያ ነጠላቸውን አየች፤ ሁሉም አዘቅዝቀው ነው የለበሱት። ሽርጧን የያዘው እጇ ቆመ። «እማዬ ናት?»

«ቁጭ በይ የሺ፣ ቁጭ በይ እኅቴ» አለች እትዬ ጽጌ፣ በሁለት ወገን ክንዷን ይዘዋት። ጋሽ መኮንን ናቸው የተናገሩት። እግዚአብሔር የሰጠውን ወሰደ አሉ፣ እናትሽ ጥሩነሽ አርፋለች አሉ።

እናቴ አላለቀሰችም።

«ቀስ በሉ» አለች። «ቀስ በሉ፣ ሲኞራ ተኝተዋል። የሰው ቤት ነው።» ክንዷን ከእጃቸው አላቀቀች፣ ደረጃው ላይ ያሉትን ጫማዎች አስገብታ ከግድግዳው ሥር ጥንድ በጥንድ ደረደረቻቸው። የሲኞራን መድኃኒት ቆጥራ በሳህን ላይ አደረገች። ሴቶቹ ማልቀስ ጀምረዋል፣ እሷ «እሽ፣ እሽ» ትላቸዋለች፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። እትዬ ጽጌ ፈርታ «ወይኔ፣ ደርቃ ልትቀር ነው» አለች። እኔ ከኩሽናው በር ጥግ ቆሜ አያታለሁ። እናቴን እንዲህ አድርጎ ያስተማራት ይኼ ቤት ነው ብዬ አሰብኩ፣ ቤቱን ጠላሁት።

ያኔ ሲኞራ ኖራ ከመኝታ ቤታቸው ወጡ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ነጭ ፀጉራቸውን ፈትተውታል። ወደ ወንበራቸው አልሄዱም። ምርኩዛቸውን ጥለው፣ ግድግዳውን ይዘው፣ ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እማዬ «ሲኞራ! ወገብዎት!» ብላ ልታነሣቸው ተጠጋች፣ ቀሚሷን ይዘው ወደ ራሳቸው ጎተቷት። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

ድምፁ ቀጭን ነበር፣ የተሰነጠቀ፣ መጀመሪያ ላይ ሊጠፋ የደረሰ። ከዚያ ከፍ አለ። «ጥሩነሽ!» አሉ፤ በእሳቸው አፍ «ቲሩኔሽ» ነው የሚወጣው። «ቲሩኔሽ!» ብለው ጠሯት፣ በዚያ በረግረግ አገራቸው ቋንቋ ሌላ ብዙ ነገር ተከተለ፣ ዜማው ወደ ላይ ወጥቶ ተንከባሎ የሚወርድ። ማንም አንዲት ቃል አልገባውም። እትዬ ጽጌ ግን ወዲያው ገባት። «ሙሾ ነው የሚያወርዱት!» ብላ ደረቷን ደቃች፣ ሴቶቹም ተቀበሏቸው። መሃል ላይ ሲኞራ ሌላ ስም ጠሩ፣ ‹ብሪጅ› የሚል። የእናታቸው ስም ነው።

እማዬ ከአጠገባቸው ተደፋች። ሰባት ሰው ያዛት። ጮኸች፤ «እማዬ! እማዬ! ጠበል ነሽ ብለውኝ! ሹራብሽን ገዝቼ!» ብላ ጮኸች፣ የመስኮቱ መስተዋት የተሰነጠቀ መሰለኝ። የቆጠበችው ድምፅ ሁሉ ወጣ። እኔ ያቺን የመጥረጊያ እንጨት ጠበቅኩ። አልመጣችም።

ረፋዱ ላይ፣ ሰዎቹ ጸጥ ሲሉ፣ እማዬ ባበጠው ዓይኗ ፈልጋ አገኘችኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጠበል ወርዳለች ካሉሽ ቀን።»

ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ነጠላዋን ስትገልጥ ሰማሁ፣ ወዲያው ነጠላው ውስጥ ነበርኩ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻሽን? ሹራቡን ለብሰሽልኝ? ወይኔ ልጄን!» አለች። ያኔ አለቀስኩ። አያቴን፣ የእጇን ሽታ፣ ስትሸኘኝ በር ላይ የቆመችበትን። አያቴም ያኔ ሞተች፣ እኔ ግን አልገደልኳትም።

እንግዶቹ ሦስት ቀን ተመላለሱ። በሦስተኛው ቀን ሲኞራ ኖራ ጓሉን ከመደርደሪያው አስወረዱኝ። በእነሱ አገር ሙት ቤት እሳት አይጠፋም አሉ። በረንዳው ላይ በአሮጌ መጥበሻ ለኮስነው፤ ጭሱ ግቢውን ሞልቶ ዘበኛው እየሮጠ መጣ፣ ሲኞራ በምርኩዝ አባረሩት። እማዬ ጭሱን አሸተተችና «የእማዬ ቤት» አለች። ግማሹ ሲነድ አጠፉትና ለኔ ሰጡኝ።

ከዚያ ጠረጴዛው ጋ ጠሩኝ። አዲስ ካርድ አለ። በእሳቸው በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ እኔን ሳይጠብቁ፣ አንድ ቃል ጽፈውበታል፤ ‹ኺይነመር›። እኛ የሚለው ግሱ ውስጥ ነው ያለው፣ ለብቻው አይቆምም አሉኝ። ምሳሌ የለውም። ያንን ጠርዙ የተበላውን ካርድ አነሡ፤ ይቀድዱታል ብዬ ነበር፣ አልቀደዱትም። «እውነት ነው፣ አይሰረዝም» አሉ። «ከሥር ይሁን ግን።» አዲሱን ከላይ አደረጉና እስክሪብቶውን ሰጡኝ።

በባዶው ቦታ ላይ በኔ እጅ የተጻፈው ይኼ ነው፦

አለቀስን።